ክራርና በገና በአውሮፕላን፦ ሳይሰበሩ የሚደርሱበት አስተሻሸግ

ስድስት ኪሎ፣ የሰማዕታት ሐውልቱ አጠገብ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው፣ ክራር ወይም ጊታር ያዘለ ወጣት ሳያይ አይሄድም። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እዚሁ አካባቢ ስለሆነ የሙዚቃ መሣሪያ በሰፈሩ እንደ ጃንጥላ ነው፤ ጠዋት ተይዞ ይወጣል፣ ማታ ተይዞ ይገባል። ነገሩ የሚከብደው መሣሪያው ከታክሲ ወርዶ አውሮፕላን የሚሳፈር ሲሆን ነው። ለእረፍት መጥቶ ለልጁ ክራር የገዛ አባት፣ ለትምህርት የሚሄድ ተማሪ፣ ውጭ አገር ላለ ሰንበት ትምህርት ቤት በገና እንዲያደርስ አደራ የተሰጠው ዘመድ፣ ሁሉም በረራው ሁለት ቀን ሲቀረው ያንኑ ይጠይቃል፦ «ሳይሰበር እንዴት ይድረስ?»

እኔ መልሱን ያወቅሁት ሰብሬ ነው። ለአጎቴ ልጅ የላክሁትን ክራር በሦስት ጋቢ ጠቅልዬ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ ከተትሁት። ሲደርስ ቀንበሩ ከአንዱ ምሰሶ ተላቆ፣ ምሰሶውም ገበቴው ውስጥ ከሚገባበት ቦታ ላይ ተሰንጥቆ ተገኘ። ጋቢዎቹ ምንም አልሆኑም። ለስላሳ ነገር ማብዛት ጥበቃ መስሎኝ ነበር፤ ሻንጣው ሰፊ ስለነበር ክራሩ ከነጋቢው ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ሻንጣው ሲወረወር አንድ ጊዜ ይወድቃል፤ ውስጡ ያለው ክራር ደግሞ ከግድግዳው ጋር ለብቻው ይጋጫል። ከዚህ በታች የምነግርዎ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው፦ መሣሪያው ከመያዣው ጋር እንደ አንድ አካል ይንቀሳቀስ፣ ለብቻው ግን አይነቃነቅ።

የሚያስፈልግዎ ሜትር፣ የሻንጣ ሚዛን፣ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንከር ያለ ስፖንጅ፣ ያረጀ የጥጥ ጨርቅ፣ መቀስ፣ ማርከርና ካሜራ ያለው ስልክ ነው። ክራርና ማሲንቆ ከሆነ ከበረራው አንድ ሳምንት፣ በገና ከሆነ ሁለት ሳምንት ቀድመው ይጀምሩ። የበገናውን ሣጥን የሚሠራ አናጢ በቀጠረው ቀን አስረክቦ ካወቀ ይንገሩኝና ሁለቱን ሳምንት ወደ አንድ ዝቅ አደርገዋለሁ።

1. መጀመሪያ ይለኩ

ቁመቱን፣ ወርዱንና ውፍረቱን ለክተው ይደምሩ። በጭነት ክፍል ለሚሄድ ሻንጣ የሚታየው ይህ ድምር ነው፤ የተለመደው ጣሪያ 158 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በኢኮኖሚ ክፍል የአንዱ ሻንጣ ክብደት 23 ኪሎ ነው። ቁመቱ 70፣ ወርዱ 40፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክራር ድምሩ 130 ስለሚመጣ ከነመያዣው ያልፋል። በገና ግን ሌላ ነው። 115 በ45 በ25 የሆነ በገና ገና ራቁቱን 185 ይደርሳል። በገና የሚይዙ ከሆነ ከመጠን በላይ የሆነ ዕቃ እንደያዙ አድርገው ይነሱ፤ ተጨማሪ ክፍያውንም ሌሊት ካውንተር ላይ ቆመው ሳይሆን ቀን በቲኬት ቢሮ ጠይቀው ይወቁት።

በእጅ መያዝስ? የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 55 በ40 በ23 ሳንቲ ሜትር፣ 7 ኪሎ ነው። ዋሽንት ያለ ጭንቀት ይገባል። ክራር ግን በልኬቱ አያልፍም፤ ከገባም የሚገባው በተረኛው ሠራተኛ በጎ ፈቃድና ከራስ በላይ ባለው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ቦታ ከተገኘ ነው። ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር ተነሥተው የሚመጡ ከሆነ ደግሞ በአገር ውስጥ መስመር የሚበረው የኪው 400 አውሮፕላን ማስቀመጫ ጠባብ መሆኑን ያስታውሱ። ስለዚህ በእጅ ሊይዙት ያሰቡትንም መሣሪያ ጭነት ክፍል እንደሚገባ አድርገው ያሽጉት። በር ላይ «ይህ ወደ ታች ይሂድ» ሲባሉ ስፖንጅ ፍለጋ መሄጃ የለም።

ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያ በአሜሪካ አየር መንገድ የሚቀጥሉ ከሆነ የሚረዳዎ ደንብ አለ። ከመጋቢት 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ አየር መንገዶች፣ ተሳፋሪው በሚገባበት ሰዓት ማስቀመጫው ላይ ቦታ ካለ፣ እንደ ቫዮሊን ወይም ጊታር ያለ ትንሽ መሣሪያ በእጅ እንዲያዝ የመፍቀድ ግዴታ አለባቸው። «ቦታ ካለ» የሚለው ቃል ግን ከባድ ነው፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ያስቀምጣል። ለበገና ደግሞ ብዙ አየር መንገዶች ተጨማሪ መቀመጫ ለመግዛት ይፈቅዳሉ። ውድ ነው፤ ከአባት ለተወረሰ በገና ግን ቢያንስ ዋጋውን ሳይጠይቁ አይለፉት።

2. ወረቀቱን አስቀድመው ይጨርሱ

አዲስ የተሠራ መሣሪያ ከሆነ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ሻጩ «ምን ያደርግልሃል» ቢልዎም አይተዉት። ሁለት ቦታ ይፈለጋል፦ ቦሌ አየር ማረፊያ ላይ ዕቃው አዲስ መሆኑን ለማሳየት፣ ከተሰበረ ደግሞ ዋጋውን ለማስረዳት። ያረጀ ወይም የተወረሰ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንደማይወጣ ያስታውሱና ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወስደው ያስመርምሩት። አሳይተው ሲጨርሱ ነው መታሸግ ያለበት። አሽጎ ለምርመራ ፈትቶ ዳግም ማሸግ ስንፍናን ይጋብዛል፤ ሁለተኛው እሽግ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይከፋል።

ሌላው ጉዳይ ቆዳው ነው። በገናም ክራርም ማሲንቆም ከበሮም የእንስሳ ቆዳ አላቸው፤ የበገና አውታር ደግሞ ከበግ አንጀት የሚሠራ ነው። አሜሪካ ሲገቡ የእንስሳ ውጤት መያዝዎን በግልጽ ያሳውቁ። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ደግሞ በዚህ ጉዳይ እጅግ ጥብቅ ናቸው፤ ጠጉር ያልወጣለት ቆዳ ያለው ከበሮና ብል የበላው እንጨት እዚያ ሊያዝ ወይም በክፍያ ሊታከም ይችላል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከበሮ ሲመርጥ ጠጉሩ ንጹሕ ሆኖ የተፋቀውን፣ እንጨቱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል የብል ጉድጓድ እንኳ የሌለውን ይምረጥ። መሣሪያውን ገልብጠው ነጭ ወረቀት ላይ መታ መታ ያድርጉት፤ ደቃቅ የእንጨት ዱቄት ከረገፈ ሌላ ይፈልጉ።

3. መያዣ፦ ቦርሳ ወይስ ሣጥን?

ስፖንጅ የተሰፋበት የጀርባ ቦርሳ ለታክሲ፣ ለመኪናና ለእጅ ጉዞ ጥሩ ነው። ከመቧጨርና ከዝናብ ያድናል። ከላዩ ላይ 23 ኪሎ ሻንጣ ሲጫንበት ግን ከምንም አያድንም። ክራርን የሚገድለው ምቱ ብቻ አይደለም፤ ጫናም ነው። ሁለቱ ምሰሶዎችና ቀንበሩ አንድ ባዶ ፍሬም ይሠራሉ፤ ከጎን ሲጫኑት መጋጠሚያው ላይ ይከፈታል። ስለዚህ ጭነት ክፍል የሚገባ መሣሪያ ጠንካራ ግድግዳ ያስፈልገዋል።

ለክራር የምመክርዎ ማንም ቤት የሚገኘውን ጠንካራ ፕላስቲክ ሻንጣ ነው። ትልቁ ሻንጣ ቁመቱ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ መካከለኛ ክራር ቀጥ ብሎ፣ ረዘም ያለውም በሰያፍ ይገባል። ተራ ሻንጣ ስለሚመስል ተጨማሪ ክፍያ አያስጠይቅም፣ በትልልቅ ዕቃዎች መስመር አይሄድም፣ ለሌባም «ውስጤ ውድ ነገር አለ» አይልም። የጊታር ደረቅ ሣጥን ያለው ሰውም ሊጠቀምበት ይችላል፤ ግን ሣጥኑ የተቀረጸው ለጊታር ወገብ እንጂ ለክራር ገበቴ ስላልሆነ ባዶው ቦታ ሁሉ በስፖንጅ መሞላት አለበት። ትልቅ ደረቅ ሣጥን ውስጥ የሚንገጫገጭ ክራር ልኩ በሆነ ቦርሳ ውስጥ ካለው የባሰ ዕድል ይገጥመዋል፤ የሚጋጭበት ግድግዳ ደረቅ ነውና።

ለበገና ሣጥን ማሠራት ነው። አናጢ ዘንድ ሲሄዱ መሣሪያውን ይዘው ይሂዱ፤ በቃል የተነገረ ልኬት ሣጥን አያሠራም። የውስጥ ልኬቱ ከበገናው በየጎኑ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይስፋ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። በኮምፔንሳቶ ያሠሩት እንጂ በጣውላ አያሠሩት፤ ለዚህ ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ክብደት ነው፦ 125 በ55 በ35 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን በ6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ 9 ኪሎ ገደማ፣ በ9 ሚሊ ሜትር ደግሞ 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በገናው፣ ስፖንጁና ብረታ ብረቱ ሲጨመሩበት 23 ኪሎ ሩቅ አይደለም፤ ስለዚህ 6ቱን ይምረጡና ማዕዘኖቹን በብረት ያጠንክሩ። ሁለተኛው ዕቃው በካርጎ ከተላከ የሚመጣ ነው፦ አይ ኤስ ፒ ኤም 15 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ከጥሬ እንጨት የተሠራ ማሸጊያ በሙቀት ታክሞ ማኅተም እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ኮምፔንሳቶ ግን ሲመረት በሙጫና በሙቀት ስለሚጨመቅ ከደንቡ ውጭ ነው።

ክዳኑ በሚስማር አይመታ። ማጠፊያና መቆለፊያ ይደረግለት፤ ፈታሽ ሲከፍተው መዶሻ አይፈልግ። ሁለት እጀታ፣ አንዱ በረጅሙ ጎን፣ አንዱ በጫፍ። እጀታ የሌለው ሣጥን ይንከባለላል፣ እጀታ ያለው ይነሣል።

4. አውታሩን ያላሉ፣ ግን ጨርሰው አይፍቱ

እዚህ ላይ ሰው በሁለት በኩል ይሳሳታል። አንዱ ቃኝቶ እንደተጫወተበት ያሽገዋል። አውታሩ በሙሉ ኃይሉ ቀንበሩን ወደ ገበቴው እየሳበ ሳለ ሣጥኑ ሲመታ፣ መጋጠሚያው የሁለቱን ጉልበት ባንድ ጊዜ ይቀበላል። ሌላው ደግሞ ለጥንቃቄ ብሎ ሁሉንም ይፈታል። ያኔ አውታሩን ከቆዳው በላይ የሚያቆመው በርኩማ የሚይዘው ስለሚያጣ ይወድቅና ቆዳው ላይ እየተንከባለለ ይቧጭራል፤ አውታሮቹም ይጠላለፋሉ፤ ተቀባዩ መቃኘት ካልቻለ መሣሪያው ግድግዳ ላይ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

መሃሉ ይኸውና፦ አውታሩ ሲነካ ጥርት ያለ ድምፅ መስጠቱን እስኪተውና እስኪያጉረመርም ድረስ እያንዳንዱን መቃኛ በእኩል ያላሉ። ከአንድ ጫፍ ጀምረው ተራ በተራ አይሂዱ፤ ከግራ አንዱን፣ ከቀኝ አንዱን እያሉ ወደ መሃል ይምጡ፤ ቀንበሩ ወደ አንድ ወገን እንዳይዘም። ከዚያ በርኩማው ሥር የታጠፈ ለስላሳ ጨርቅ ያስገቡ።

ከማላላትዎ በፊት ግን ፎቶ ያንሡ። በርኩማው ቆዳው ላይ የት እንደቆመ ከላይ፣ መቃኛዎቹ ላይ አውታሩ እንዴት እንደተጠመጠመ ከፊት። በገና ከሆነ እንዝራዎቹን በጣም ቀርበው ያንሡ፤ ያቺ በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባ ቁራጭ ቆዳ ቦታዋን በጥቂቱ ስትስት የበገናው ንዝረት ይጠፋል፣ ድምፁም ተራ ክር ይሆናል። እንዝራዎቹ አውታሩ ሲላላ ከወደቁ አሥር ትንንሽ ፖስታ ወስደው ከ1 እስከ 10 ቁጥር ጽፈው ያስቀምጧቸው። አድካሚ ይመስላል። ማታ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ ሰው ጋር በቪዲዮ «አራተኛው የቱ ነበር?» እየተባባሉ ከማደር ግን ይቀላል።

ብዙ ሰው «ቆዳው በአየር ግፊት አይፈነዳም ወይ?» ይላል። አይፈነዳም። ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር ጋር እንዲስተካከል ተደርጎ ይያዛል። የአዲስ አበባ ከበሮ ለዚህ አዲስ አይደለም። ጠላቱ ድርቀት ነው። የበረራ አየር ደረቅ ነው፤ ውጭ አገር በክረምት ማሞቂያ የሚነድበት ቤት ደግሞ ይብሳል። በእኛ ሐምሌና ነሐሴ እርጥበት ጠጥቶ የላላ ቆዳ እዚያ ሲደርስ ይሰበሰባል፤ ያልላላ አውታር ሊበጠስ የሚችለው በዚህ ነው።

5. ባዶውን ይሙሉ

ሥራው ሁሉ እዚህ ነው፤ አንድ ሙሉ ምሽት ይስጡት።

መጀመሪያ መሣሪያውን በቀጭን የጥጥ ጨርቅ ያልብሱ። አሮጌ ነጠላ ይበቃል። ፕላስቲክ በቀጥታ እንጨትና ቆዳ ላይ አያድርጉ፤ ከቅዝቃዜ ወደ ሙቀት ሲወጣ ውስጡ ያልበዋል።

ቀጥሎ ሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ይሙሉ። ስፖንጁን በምሰሶዎቹ መካከል ካለው ስፋት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል አስፍተው ይቁረጡና ከአውታሩ በስተጀርባ ጫን አድርገው ያስገቡት። ይህን ቦታ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ የእኔንም ክራር ከሰበሩት አንዱ ይኸው ባዶ ቦታ ነበር። ከውጭ ብቻ ያለበሱት ክራር ከጎን ሲጫን ምሰሶዎቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ውስጡ የተሞላ ግን የሚገባበት የለውም።

ከዚያ ጫፎቹ። የስኪ ሰዎች የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፦ ረጅም ዕቃ ሲወረወር በጫፉ ይወድቃል። የበረዶ መንሸራተቻቸውን ሲያጓጉዙ፣ ቦርሳቸው ስፖንጅ የተሰፋበት ቢሆንም አፍንጫውንና ጅራቱን ለብቻ ደራርበው ይጠቀልላሉ። ክራርዎንም እንዲሁ ያድርጉ፤ ከቀንበሩ በላይና ከገበቴው በታች ያለው ስፖንጅ ከጎኖቹ እጥፍ ይወፍር። ልዩነቱ ስኪ ጠፍጣፋና ጠንካራ ስለሆነ ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ አስሮ ልብስ መሃሉ መጎዝጎዝ ይበቃዋል፤ ክራርን ግን ከሌላ ነገር ጋር አያስሩት።

መቃኛዎቹ ምንም አይንካቸው። ስፖንጁ መቃኛዎቹ በሚያርፉበት ልክ ይቆረጥላቸው፤ ክብደት የሚሸከመው ቀንበሩ እንጂ መቃኛው አይሁን። ገበቴው በጀርባው ይተኛ፣ ቆዳው ወደ ላይ ይሁን። ቆዳው ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ ለስለስ ያለ ይሁን፤ ክዳኑ ሲዘጋ ነካ ያድርገው እንጂ አይጫነው።

ከስድስት ኪሎ ወደ ላይ ሽሮ ሜዳ ስለሆነ ጋቢም ቡሉኮም ቅርብ ነው፤ ስጦታ ሊወስዱ ካሰቡ እንደ መጎዝጎዣ መጠቀም ብልህነት ነው። እኔ ጋቢን የምጠላው ብቻውን ሲሆን ነው። ከስፖንጁ ውጭ የቀረውን ቦታ ጠበቅ ተደርጎ የተጠቀለለ ጋቢ ይሙላው፤ ልብስ ግን ጉዞ ላይ እየተጨመቀ ስለሚጎድል ክዳኑ ትንሽ እስኪቸግር ድረስ ይሙሉት።

አሁን ወደ ቤተሰብ ጉዳይ። ሣጥኑን ሲያዩ እናትዎ «ይሄ ሁሉ ቦታ ባዶ ሊሄድ ነው?» ይላሉ፤ በርበሬውና ሽሮው ይመጣል። እምቢ ይበሉ፤ በጨዋ ቋንቋ፣ ግን እምቢ። ሁለት ኪሎ በርበሬ ሣጥን ውስጥ ሁለት ኪሎ መዶሻ ነው፤ ከፈነዳ ደግሞ ከቆዳው ላይ አይለቅም። ንጥር ቅቤ ከሆነ ጉዳዩ አያነጋግርም። ለእነሱ ሁለተኛው ሻንጣ አለ።

የቀሩት መሣሪያዎች በአጭሩ። ማሲንቆ አንገቱ እንዲነቀል ሆኖ ካልተሠራ በግድ አይንቀሉት፤ ጭራውን አላልተው ደጋኑን ለብቻው በካርቶን ወይም በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያድርጉ፤ ዕጣኑን በትንሽ ቆርቆሮ ለይተው ይያዙ፣ ሙቀት ካገኘው ጨርቅ ላይ ይቀልጣል። ዋሽንቶች ካልሲ ውስጥ አንድ አንድ ገብተው በእጅ ሻንጣ ይሂዱ። ከበሮ ሆዱ ባዶ ቢሆንም ልብስ የሚከተትበት በር የለውም፤ ሁለቱን ቆዳ በክብ በተቆረጠ ካርቶንና ስፖንጅ ይሸፍኑ። ኤሌክትሪክ ክራር ከሆነ ባትሪውን አውጥተው በእጅ ይያዙ። የበገናው መምቻ ድሕንጻ፣ ትርፍ አውታርና የእንዝራ ፖስታዎቹም በእጅ።

6. ራስዎ ይፈትኑት

ሣጥኑን ዘግተው ያንሡና በስድስቱም አቅጣጫ ያወዛውዙት። ዓይንዎን ጨፍነው ያዳምጡ። «ጭው» የሚል የስፖንጅ ድምፅ ደህና ነው፤ «ኳ» የሚል ከሆነ ይክፈቱትና ያ ነገር ምን እንደሆነ ይፈልጉ። ከዚያ ከጉልበት ከፍታ ላይ አልጋ ላይ ይጣሉት፤ በጫፉም በጎኑም። ከፍተው ሲያዩ መሣሪያው ከቦታው ከተንሸራተተ ስፖንጁ ሳስቷል። መኝታ ቤት የማይችለውን ቦሌ አይችለውም።

ሁሉ ነገር ሲያበቃ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ፎቶ ያንሡ። ክዳኑ ውስጥ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ይለጥፉ፦ የሙዚቃ መሣሪያ መሆኑን፣ ከምን እንደተሠራ፣ ምን ከምን ቀድሞ እንደሚወጣና እንዴት እንደሚመለስ፣ ስምዎንና ስልክዎን። ስፖንጆቹ ላይ በማርከር 1፣ 2፣ 3 ይጻፉባቸው። አሜሪካ ፈታሾች እርስዎ በሌሉበት ሊከፍቱት ይችላሉ፤ ቀና ሰው እንኳ ቢሆን እንዴት እንደነበረ ካላወቀ በትክክል አይመልሰውም።

7. ቦሌ

ወደ ቦሌ በሚኒባስ አይሂዱ። በራይድም ይሁን በፈረስ መተግበሪያ፣ የኋላ ወንበሩ የሚታጠፍ መኪና ይጥሩና ሣጥኑ በጀርባው ተኝቶ ይሂድ። በገና ከሆነ ከተለመደው ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ።

ቦሌ ላይ ዕቃ ሁሉ መግቢያው ላይ በኤክስሬይ ያልፋል፤ ኤክስሬይ መሣሪያውን አይጎዳውም፣ ፈታሹ ግን ውስጡ ያለውን ቅርጽ ሲያይ «ይከፈት» ሊል ይችላል። ስለዚህ ቤትዎ ሳሉ በስኮች አሥር ዙር አይጠምጥሙት። በፕላስቲክ ማስጠቅለል ካሰቡም ከዚህ ፍተሻ በኋላ ይሁን። ሲከፈት በራስዎ እጅ ይክፈቱት፤ «ይቅርታ፣ እኔ ላውጣው፣ ቆዳው ስስ ነው» ቢሉ የሚከለክልዎ የለም።

ካውንተር ላይ መሣሪያ መሆኑን ይናገሩና «ተሰባሪ» የሚለውን ተለጣፊ ይጠይቁ። ተለጣፊው ጫኙን ለአፍታ ያሳስበው ይሆናል እንጂ ከዚያ ያለፈ ኃይል የለውም። ይልቅ እንዲፈርሙበት የሚሰጡትን ታግ ያንብቡ፤ አንዳንዱ ተሰባሪ ዕቃ ቢጎዳ የአየር መንገዱን ኃላፊነት የሚቀንስ ቃል አለበት። የሣጥኑ ጠንካራነት ታይቶ ያለዚያ ታግ እንዲሄድ መጠየቅ ይችላሉ። ትልቅ ሣጥን በተለመደው የሻንጣ ማመላለሻ ጎማ ላይ ስለማይሄድ ለብቻው ወደሚረከቡበት ቦታ ይመሩዎታል፤ እዚያ እስኪደርስ አብረውት ይሂዱ።

8. ሲደርሱ

በገናው በሚሽከረከረው ጎማ ላይ ካልመጣ አይደንግጡ፤ ትልልቅ ዕቃ የሚወጣበት በር ለብቻው ነው። አሜሪካ ከሆነ መጀመሪያ በገቡበት ከተማ ዕቃዎን ተቀብለው፣ ጉምሩክ አልፈው፣ ለቀጣዩ በረራ መልሰው ማስረከብ አለብዎ። ቆዳና አንጀት እንዳለው የሚናገሩት እዚህ ነው።

ከአዳራሹ ሳይወጡ ከፍተው ይዩ። ስንጥቅ ካለ በዚያው ቀን የሻንጣ ጉዳት ጽሕፈት ቤት ሄደው ያስመዝግቡና የምዝገባ ቁጥር ይቀበሉ። እንደ ሞንትሪያል ስምምነት የተጎዳ ሻንጣ አቤቱታ በተረከቡ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት፤ የዘገየ ሻንጣ 21 ቀን አለው። የካሳው ጣሪያ ከታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስ ዲ አር ነው፤ ይህ የዓለም ገንዘብ ድርጅት መለኪያ ሲሆን በግምት 2 ሺህ ዶላር ይሆናል። አየር መንገዱ ጉዳቱ ከዕቃው ከራሱ ጉድለት የመጣ ነው ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ያነሡት ፎቶና ደረሰኙ የሚያስፈልጉት ያኔ ነው።

ደህና ከደረሰ ቤት ወስደው ሣጥኑን እንደተዘጋ አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ከቀዝቃዛ ጭነት ክፍል ወጥቶ ሞቃት ሳሎን ውስጥ ወዲያው የተከፈተ እንጨት ይደነግጣል። ዘመድ ተሰብስቦ «እስቲ አሰማን» ቢልም ቡና ይጠጡ፣ ነገ ይሆናል። በማግስቱ በርኩማውን በፎቶው መሠረት አስተካክለው መጀመሪያ ከሚፈልጉት ድምፅ ዝቅ አድርገው ይቃኙ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ቀስ እያሉ ወደ ቦታው ያድርሱት። አንጀት ከሆነ እስከዚያ ድረስ ደጋግሞ ይላላል፤ ያ ጤናማ ነው።

ቆዳው ከላላ እንደ አገር ቤት ከበሮ እሳት ዳር አያሙቁት፣ ማሞቂያውም አጠገብ አያቁሙት፤ እዚያ አገር ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። በክረምታቸው ቆዳው ከመጠን በላይ ከተወጠረ እርጥብ ስፖንጅ፣ ተጨምቆ የማያንጠባጥብ፣ ቀዳዳ በተበሳ የሳሙና ሣጥን ውስጥ አድርገው ከመሣሪያው ጋር ሣጥኑ ውስጥ ያኑሩት። ቆዳውን ራሱን በውኃ አያርሱ።

ቁጥር የጻፉባቸውን ስፖንጆችና ሣጥኑን አይጣሉ። አልጋ ሥር ያስገቧቸው፤ በርኩማው ሲሰበር ወይም ቆዳው ሲቀየር መሣሪያው ወደ ሠራው ሰው መመለሱ አይቀርም፣ የመልሱን እሽግ የሚያሽገው ደግሞ እርስዎ ላይሆኑ ይችላሉ።